ያገለገለ ግራፊክስ ካርድ ልትገዙ ነው? መጀመሪያ ኮምፒውተራችሁን ክፈቱ

በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ አንድ ዓይነት መልእክት ይደርሰኛል። የግራፊክስ ካርድ (ምስሉን ሠርቶ ወደ ስክሪን የሚያወጣው ክፍል) ፎቶ ይላክና ከሥሩ "ወንድም፣ ይሄ ለኔ ኮምፒውተር ይሆናል?" ይላል። አለቀ። የኮምፒውተሩ ሞዴል የለም፣ ፎቶ የለም። የጫማ ፎቶ ልኮ "ይሆነኛል?" እንደማለት ነው። እግርህን ሳላይ ምን ልበል?

ስለዚህ መልሱን አንዴ እዚህ ልጻፈውና ለሚቀጥለው ጠያቂ ይቺን እልካለሁ። የጻፍኩት ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ወልድያና ዙሪያው ላለ ሰው ነው። እኛ ጋ አብዛኛው ዴስክቶፕ ከቢሮ የወጣ ያገለገለ ዴል ወይም ኤችፒ ነው፣ ካርዱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከአዲስ አበባ በመኪና ይመጣል። 400 ኪሎ ሜትር ተጉዞ የመጣ ዕቃ አልገጥም ሲል "መልስልኝ" ማለት ቀላል አይደለም። በራሴ ደርሶ አይቼዋለሁ። አርኤክስ 580 የሚባል ካርድ ገዝቼ አስመጣሁ፣ ካርዱ ምንም አልነበረበትም። የኔ ማሽን ግን ለካርዱ የሚሰካ ባለ 8 ፒን ገመድ የለውም፣ ፓወር ሰፕላዩ (ለማሽኑ ኃይል የሚያከፋፍለው ሳጥን) 275 ዋት ነው፣ ርዝመቱም ከሀርድ ዲስኩ መቀመጫ ጋር ተጋጨ። ሦስት ወር መሳቢያ ውስጥ ተኛ።

ቅደም ተከተሉ እንግዲህ ይሄ ነው፦ መጀመሪያ ማሽኑን፣ ቀጥሎ ካርዱን፣ መጨረሻ ሻጩን።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- ባለ መስቀል ካቻቢቴ
- ማስመሪያ ወይም የልብስ ሰፊ ሜትር
- ካሜራ ያለው ስልክ (መብራቱም ያስፈልጋል)
- ወረቀትና እስክሪብቶ
- ባለ 8 ጊጋባይት ወይም ከዚያ በላይ ፍላሽ
- ደረቅ ለስላሳ ብሩሽ፣ ለአቧራ
- ከሻጩ ጋ ሄዳችሁ የምትፈትሹ ከሆነ ፍላሹ ላይ አስቀድማችሁ የጫናችኋቸው ሁለት ነፃ ፕሮግራሞች፦ ጂፒዩ-ዚ (የካርዱን ማንነት የሚያሳይ) እና ፈርማርክ (ካርዱን አስጨንቆ የሚፈትን)

ፕሮግራሞቹን ቤት እያላችሁ አውርዱ። ሻጩ ጋ ደርሳችሁ ዳታ መፈለግ ስትጀምሩ ሰውየው ይሰለቻል፣ እናንተም ትቸኩላላችሁ። የተቸኮለ ገዢ ደግሞ ይበላል።

ደረጃ 1፦ የማሽናችሁን ሙሉ ስም ጻፉ

ስታርት ላይ "ሲስተም ኢንፎርሜሽን" ብላችሁ ፈልጉና ክፈቱ። አምራቹን፣ ሞዴሉን፣ ፕሮሰሰሩን እና "ባዮስ ሞድ" የሚለውን መስመር ጻፉ (ባዮስ ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሳው ፕሮግራም ነው)። ሊጋሲ (አሮጌው ዓይነት) ይላል ወይስ ዩኢኤፍአይ (አዲሱ)? ደረጃ 4 ላይ እንፈልገዋለን።

"ዴል ነው" አይበቃም። "ኦፕቲፕሌክስ 7010 ነው" ራሱ አይበቃም፣ ምክንያቱም ያው 7010 በተለያየ መጠን ነው የተሠራው። ትልቁ ሚኒ ታወር 275 ዋት ፓወር ሰፕላይ አለው፣ ቀጭኑ ስሞል ፎርም ፋክተር የሚባለው 240 ዋት። ትልቁ ረጅም ካርድ ይቀበላል፣ ቀጭኑ አይቀበልም። ስማቸው አንድ ነው፣ የሚገጥምላቸው ካርድ ግን ለየቅል።

ደረጃ 2፦ ክፈቱና ለኩ

ኮምፒውተሩን አጥፉ፣ የመብራት ገመዱን ከጀርባው ንቀሉ፣ ከዚያ የማብሪያውን ቁልፍ ለአምስት ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙ። ውስጥ የቀረው ኃይል እንዲወጣ ነው። ክዳኑን ስትከፍቱ መጀመሪያ የኬዙን ብረት በእጃችሁ ንኩ። ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብላችሁ በናይለን ሹራብ አትሥሩ። ደሴ ብርድ ነው፣ ሹራብ ማውለቅ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን ከሹራቡ የሚመጣው ስታቲክ ሳታዩት ቺፕ ይገድላል።

አሁን ሦስት ነገር ለኩ።

ቁመት፦ ከኬዙ ጀርባ ካርድ የሚወጣበትን የብረት ክፍት ተመልከቱ። 12 ሴንቲሜትር ያህል ከሆነ ሙሉ ቁመት ያለው ካርድ ይገባል። 8 ሴንቲሜትር ያህል ከሆነ ሎው ፕሮፋይል የሚባለው አጭሩ ካርድ ብቻ ነው የሚገባው። እዚህ ላይ ድርድር የለም፣ ብረት ብረት ነው።

ርዝመት፦ ከጀርባው ብረት ጀምራችሁ ወደ ፊት እስከሚያግደው ነገር ድረስ። የሚያግደው ብዙ ጊዜ የሀርድ ዲስክ መቀመጫ ነው። ከተገኘው ቁጥር ላይ 1 ሴንቲሜትር ቀንሱ፣ ምክንያቱም ካርዱን አዘንብላችሁ ለማስገባት ትንሽ ቦታ ትፈልጋላችሁ። ባለ አንድ ፋን ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ የሚባለው ካርድ 15 ሴንቲሜትር አካባቢ ሊሆን ይችላል። ባለ ሁለት ፋን አርኤክስ 580 ግን ብዙዎቹ ከ24 እስከ 27 ሴንቲሜትር ናቸው።

ውፍረት፦ አብዛኛው ጠንከር ያለ ካርድ የሁለት ስሎት (ማዘርቦርዱ ላይ ካርድ የሚሰካበት ቦታ) ቦታ ይይዛል። ከዋናው ስሎት አጠገብ ያለው ቦታ ባዶ ነው? ወይስ ፓወር ሰፕላዩ ተለጥፏል? ይህን ሳያዩ የገዙ ሰዎች በኋላ ፋኑን ፈትተው ለማቅጠን ሲታገሉ አይቻለሁ።

ክዳኑን ሳትዘጉ አራት ፎቶ አንሱ፦ ሙሉውን ከላይ፣ ስሎቶቹን ከቅርብ፣ የፓወር ሰፕላዩን ጽሑፍ፣ እና ከፓወር ሰፕላዩ የሚወጡትን ገመዶች ጫፍ በሙሉ። ለኔም ሆነ ለሌላ ሰው ስትጠይቁ እነዚህን ላኩ፣ መልሱ በደቂቃ ይመጣል።

ደረጃ 3፦ ፓወር ሰፕላዩን አንብቡ

ከአስር ችግር ስምንቱ እዚህ ነው ስል ቆጥሬ አይደለም፣ ግን ማጋነኔም አይመስለኝም።

ፓወር ሰፕላዩ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ፈልጉ። በትልቁ የተጻፈውን ዋት ለጊዜው እርሱት። የምትፈልጉት 12 ቮልት የሚለውን ዓምድና ከሥሩ ያለውን አምፔር ነው። ግራፊክስ ካርድ ኃይሉን ከሞላ ጎደል በሙሉ የሚጠጣው ከዚያ መስመር ነው። አምፔሩን በ12 አባዙ። 18 አምፔር ካለ 216 ዋት ማለት ነው። ከአንድ በላይ የ12 ቮልት መስመር ካለ ዝም ብላችሁ አትደምሩ፣ አብዛኛውን ጊዜ የጋራ ጣሪያቸው ከሥር ተጽፏል፣ እሱን ውሰዱ።

ርካሽ ኬዝ ውስጥ የሚመጡ "500 ዋት" የሚሉ ፓወር ሰፕላዮችን በዚህ ሒሳብ ስትፈትኗቸው ብዙዎቹ ይጋለጣሉ። በእጅ አንሱት፣ እንደ ባዶ ጣሳ ከቀለለ ተጠራጠሩ።

አሁን ደምሩና ከ12 ቮልቱ ዋት ጋር አስተያዩ። ፕሮሰሰር + ካርድ + ለቀሪው (ማዘርቦርድ፣ ዲስክ፣ ራም፣ ፋን) 50 ዋት። ለምሳሌ ኮር አይ5-3470 ፕሮሰሰር 77 ዋት ነው። ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ 75 ዋት። ድምሩ 202። የ275 ዋቱ ማሽን የ12 ቮልት መስመሩ ከዚህ በላይ ከሆነ ይበቃል። በዚያው ማሽን ላይ አርኤክስ 580 ብትሰኩ ካርዱ ብቻውን 185 ዋት ነው፣ ድምሩ 312። አለቀ። ማሽኑ ይበራል፣ ዊንዶውስ ይከፍታል፣ ጌም ስትጀምሩ ድርግም ይላል። ያን ጊዜ "ካርዱ ተበላሽቷል" ብላችሁ ከሻጩ ጋር ትጣላላችሁ፣ ሰውየው ግን ምንም አላጠፋም።

ቀጥሎ ገመዱ። የማዘርቦርዱ ስሎት ቢበዛ 75 ዋት ነው የሚሰጠው። ከዚያ በላይ የሚፈልግ ካርድ ጎኑ ላይ ተጨማሪ መሰኪያ አለው፦ ባለ 6 ፒን ተጨማሪ 75 ዋት፣ ባለ 8 ፒን 150 ዋት ያመጣል። ከቢሮ የወጡ ማሽኖች አብዛኞቹ እነዚህ ገመዶች የሏቸውም። የናንተው ላይ ከሌለ ተጨማሪ መሰኪያ የሌለውን ካርድ ብቻ ፈልጉ፣ ነገሩ በዚያው ይቀላል።

ማስጠንቀቂያ፦ "ገመድ የለኝም" ስትሉ ሻጩ "አብሽር፣ መቀየሪያ አለ" ብሎ ከሀርድ ዲስክ የሳታ ገመድ ወደ 6 ፒን የሚቀይር ነገር ሊሰጣችሁ ይችላል። አትውሰዱ። የሳታ መሰኪያ በ12 ቮልት በኩል የሚችለው 54 ዋት ነው፣ ባለ 6 ፒን ካርድ ደግሞ እስከ 75 ሊጠይቅ ይችላል። ፕላስቲኩ ቀልጦ ሽቦው የተጠበሰ አይቻለሁ፣ ሽታው ለሁለት ቀን ከክፍሉ አልወጣም።

"ታዲያ ፓወር ሰፕላዩን ልቀይረው" የምትሉ ደግሞ ቆይ። የብዙ ዴልና ኤችፒ መሰኪያ ከተለመደው ይለያል። ለምሳሌ ኦፕቲፕሌክስ 9020 ማዘርቦርዱ የሚሰካው በ8 ፒን ነው፣ ገበያ ላይ ያለው የተለመደ ፓወር ሰፕላይ ባለ 24 ፒን ነው። ከ24 ወደ 8 የሚቀይር ገመድ ካላገኛችሁ አይሆንም። ቀጭን ኬዝ ከሆነ ደግሞ ሳጥኑ ራሱ አይገባም። የፓወር ሰፕላይና የመቀየሪያውን ዋጋ ስትደምሩት ካርዱን ሊያህል ይችላል፣ አስቡበት።

አዲስ የገዛችሁት ርካሽ ፓወር ሰፕላይ ጀርባው ላይ ቀይ ማንሸራተቻ ካለው 230 ላይ መሆኑን እዩ። 115 ላይ ሆኖ እኛ ሀገር ግድግዳ ላይ ከተሰካ አንድ ጊዜ "ጧ" ይላል፣ ከዚያ ወዲያ ዝም ነው።

ደረጃ 4፦ ስሎቱና ባዮሱ

ረጅሙን ስሎት ፈልጉ፣ ፒሲአይ ኤክስፕረስ በ16 ይባላል (16 የመረጃ መስመር አለው ማለት ነው)። አንዳንድ ማሽን ላይ ሁለት ረጅም ስሎት ታያላችሁ። ኦፕቲፕሌክስ 7010 ሚኒ ታወር ላይ ሰማያዊው ሙሉ ነው፣ ጥቁሩ ረጅም ይመስላል እንጂ ውስጡ የበ4 ሽቦ ብቻ ነው ያለው። ካርዱን ጥቁሩ ላይ ብትሰኩት ይሠራል፣ ግን ከአቅሙ በታች።

የትውልዱ ቁጥር (2.0፣ 3.0፣ 4.0) ብዙ አያስጨንቃችሁ። አዲሱ ካርድ በአሮጌው ስሎት ይሠራል። አንድ ልዩ ነገር ግን አለ። አርኤክስ 6400 እና 6500 ኤክስቲ በራሳቸው በ4 ብቻ ናቸው፣ የተሠሩትም ለ4.0 ነው። በአሮጌ 3.0 ማሽን ላይ የመረጃ መተላለፊያቸው ግማሽ ይሆናል፣ 2.0 ላይ ሩብ። በዚያ ላይ ቪዲዮ የሚጨምቀው ክፍል የላቸውም። የሰርግ ቪዲዮ ኤዲት የምታደርጉ ልጆች እነዚህን ተዉአቸው፣ ኤክስፖርት ላይ ምንም አያግዟችሁም።

ኢንቴል አርክ የሚባሉትም ርካሽ ሆነው ሲቀርቡ ያጓጓሉ። በደንብ ለመሥራት ማዘርቦርዱ ሪሳይዘብል ባር የሚባለውን መቻል አለበት። የ3ኛና 4ኛ ትውልድ የቢሮ ማሽኖች ይሄ የላቸውም። እለፉት።

ባዮሱ ደግሞ፦ ደረጃ 1 ላይ ሊጋሲ ካላችሁና ማሽኑ በጣም አሮጌ ከሆነ አዲስ ካርድ ሲገባ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ሊቀር ይችላል። ካርዱ በዩኢኤፍአይ ቋንቋ ያወራል፣ አሮጌው ባዮስ አይሰማውም። መፍትሔው ካርዱን ከመግዛታችሁ በፊት ከአምራቹ ድረ ገጽ የመጨረሻውን ባዮስ መጫን ነው። እሱን ስትሠሩ መብራት ከጠፋ ግን ማዘርቦርዱ ሊሞት ይችላል። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) ከሌላችሁ መብራት በተደጋጋሚ በሚሄድበት ሰዓት አትሞክሩት። እኔ ሌሊት ነው የምሠራው።

አንዳንድ ቀጫጭን የቢሮ ማሽኖች ደግሞ ስሎታቸው ሙሉውን 75 ዋት አይሰጥም። የማሽናችሁን ማኑዋል አውርዳችሁ የስሎቱን ዋት አንብቡ።

ደረጃ 5፦ ሞኒተሩን ጀርባውን አዙሩት

ይሄን የሚረሳው ሰው ብዛት ይገርመኛል። ከቢሮ የወጣ ሞኒተር ብዙ ጊዜ ሰማያዊው ቪጂኤ ብቻ ነው ያለው። ካርዱ ደግሞ ኤችዲኤምአይ፣ ዲስፕሌይ ፖርት ወይም ዲቪአይ ነው የሚያወጣው። ካርዱ መጥቶ፣ ተገጥሞ፣ ገመድ ጠፍቶ ቁጭ።

ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይር ነገር ትገዛላችሁ፣ ውስጡ ቺፕ ያለው መሆን አለበት። ዝም ብሎ ገመድ ለገመድ የተያያዘው አይሠራም። ዲቪአይን በተመለከተ መሰኪያውን ተጠግታችሁ እዩት። ጠፍጣፋዋ ቀዳዳ ዙሪያ አራት ትናንሽ ቀዳዳዎች ካሉ ርካሹ የቪጂኤ መቀየሪያ ይሠራል። አራቱ ከሌሉ ዲጂታል ብቻ ነው፣ መቀየሪያው አይገባም።

ደረጃ 6፦ አሁን ካርድ ፈልጉ

ከላይ የጻፋችሁትን ወረቀት ይዛችሁ ምረጡ። እኛ ጋ ለሚበዙት ማሽኖች እኔ የምለው ይሄን ነው።

ቀጭን ኬዝ፣ 240 ዋት አካባቢ፦ ጂቲ 1030 (30 ዋት) ወይም ሎው ፕሮፋይል አርኤክስ 550 (50 ዋት)። ጂቲ 1030 በሜሞሪው ሁለት ዓይነት አለው፣ ጂዲዲአር5 እና ዲዲአር4። የዲዲአር4ቱ በጣም ደካማ ነው፣ ካርቶኑ ግን ይመሳሰላል። ሎው ፕሮፋይል 1050 ቲአይ እና 1650ም አሉ፣ ካገኛችሁና ስሎቱ 75 ዋት ከሰጠ ምርጥ ናቸው። አጭሩ ብረት አብሮ መኖሩን ጠይቁ! ካርዱ አጭር ሆኖ ረጅሙ ብረት ብቻ ተገጥሞበት ይሸጣል፣ ያለ አጭሩ ብረት ክዳኑ አይዘጋም።

ታወር፣ ከ275 እስከ 320 ዋት፣ ተጨማሪ ገመድ የሌለው፦ ጂቲኤክስ 750 ቲአይ (60 ዋት)፣ 1050 ቲአይ (75 ዋት)፣ 1650 (75 ዋት)። ከ1050 ቲአይና ከ1650 አንዳንዶቹ ባለ 6 ፒን ሆነው ነው የተሠሩት፣ ስለዚህ ስሙን ሰምታችሁ አትግዙ። የካርዱን ጎን የሚያሳይ ፎቶ ጠይቁ።

እውነተኛ 500 ዋት ፓወር ሰፕላይ ያለው የተገጣጠመ ማሽን፦ ጂቲኤክስ 1060 (120 ዋት)፣ 1660 ሱፐር (125 ዋት)፣ አርኤክስ 570 (150 ዋት)፣ 580 (185 ዋት)። 1060 ባለ 3 ጊጋባይቱና ባለ 6 ጊጋባይቱ በሜሞሪ ብቻ አይለያዩም፣ የባለ 3ቱ ቺፕም ይቀንሳል።

ድራይቨሩንም (ዊንዶውስ ካርዱን እንዲያሠራ የሚያደርገውን ፕሮግራም) አስቡ። የኢንቪዲያ 600 ተከታታይና አብዛኛው 700 በፈረንጆቹ ከ2021 ወዲህ አዲስ የጌም ድራይቨር አይወጣላቸውም። 750 ቲአይ ስሙ 700 ቢሆንም ቺፑ የቀጣዩ ትውልድ ስለነበር ከዚያ በኋላም በፈረንጆቹ እስከ 2025 ድረስ ቀጥሎ ነበር።

ደረጃ 7፦ ካርዱን በአካል ፈትሹ

መጀመሪያ በዓይን። ስሎቱ ውስጥ የሚገባው ወርቃማው ጥርስ አልተፋቀም? ከጥርሱ አጠገብ ያሉት ጥቃቅን ክፍሎች ሙሉ ናቸው? ብሎኖቹ ዝገዋል? ፋኑን በጣት አዙሩት፣ ያንገጫግጫል? የጀርባው ሰሌዳ ላይ የቢጫ ቃጠሎ ምልክት አለ? አሽትቱት ደግሞ። አትሳቁ፣ የተቃጠለ ሰሌዳ ሽታ አይጠፋም።

ስክሪን መሰኪያ የሌለው ካርድ ካያችሁ ምናልባት ፒ106 ነው፣ ለማይኒንግ (ክሪፕቶ ገንዘብ ለማምረት) ብቻ የተሠራ። "1060 ነው" ብለው ይሸጡታል። ቺፑ የአንድ ቤተሰብ ነው፣ ግን ሞኒተር የምትሰኩበት የለም።

የፎርጅድ ነገር። አሮጌ ጂቲኤስ 450 ቺፕ ባዮሱን ለውጠው "1050 ቲአይ" ብለው ይሸጣሉ፣ ዊንዶውስም ስሙን አምኖ ያሳያል። የሚጋለጠው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛ፣ ቪጂኤ መሰኪያ ያለው "1050 ቲአይ" ካያችሁ ገንዘባችሁን ኪስ መልሱ፣ የእውነተኛው ቺፕ አናሎግ ምስል አያወጣም። ሁለተኛ፣ ጂፒዩ-ዚን ክፈቱ። የታወቀ ፎርጅድ ከሆነ ስሙ ፊት "ፌክ" ብሎ ይጽፋል። ያንንም ባይጽፍ "ሼደርስ" የሚለውን ቁጥር ከዚህ ጋር አስተያዩ፦

- ጂቲ 1030፦ 384
- ጂቲኤክስ 750 ቲአይ፦ 640
- ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ፦ 768
- ጂቲኤክስ 1650፦ 896
- ጂቲኤክስ 1060 ባለ 3 ጊጋ፦ 1152፣ ባለ 6 ጊጋ፦ 1280
- አርኤክስ 570፦ 2048
- አርኤክስ 580፦ 2304

580 ተብሎ 2048 ካለ ፎርጅድ ላይሆን ይችላል፣ በዚያ ቁጥር የተሠራ 580 አለ። ግን በዋጋ ከ570 እኩል አድርጋችሁ ተደራደሩ።

ከዚያ ፈርማርክን አስነሱ፣ 15 ደቂቃ። አቦሉ እስኪወርድ ማለት ነው። ሙቀቱ ከ85 ዲግሪ በታች ቆሞ ቢረጋ ደህና። እየጨመረ ከ90 ካለፈ፣ ነጠብጣብ ወይም መስመር ስክሪኑ ላይ ከታየ፣ ወይም ምስሉ ከጠፋ አትግዙ። "ፔስት (ቺፑ ላይ የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) ሲቀየርለት ይስተካከላል" ይሏችኋል። ሙቀቱ ሊስተካከል ይችላል፣ ነጠብጣቡ ግን የሜሞሪ ወይም የቺፕ በሽታ ነው። ሌላም ልብ በሉ፦ ደሴ ብርድ ላይ የተሞከረ ካርድ ኮምቦልቻ ወይም ከሚሴ ሲወርድ የክፍሉ ሙቀት ልዩነት ያው ካርዱ ላይ ይጨመራል። ደሴ ላይ 84 ያሳየ ከሚሴ ላይ 92 ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 8፦ ከአዲስ አበባ የሚላክ ከሆነ

በፎቶ አትግዙ። ቪዲዮ ጠይቁ፣ አንድ ሳይቆረጥ የተቀረጸ፦ ካርዱ ተሰክቶ፣ የዛሬው ቀን በወረቀት ተጽፎ አጠገቡ ተቀምጦ፣ ጂፒዩ-ዚ ተከፍቶ፣ ፈርማርክ ሲሠራ። ሻጩ "ጊዜ የለኝም" ካለ እናንተም ብር የላችሁም።

ከተቻለ አዲስ አበባ ያለ የአጎት ልጅ ወይም ጓደኛ ሄዶ ይየው። ደረጃ 7ን ለሱ ላኩለት። ሙሉ ክፍያውን ቀድማችሁ በቴሌብር አትልኩ፣ ወኪላችሁ በዓይኑ አይቶ ይክፈል።

አስተሻሸጉም ወሳኝ ነው። መጀመሪያ የስታቲክ መከላከያ ከረጢት፣ ከዚያ ስፖንጅ፣ ከዚያ ጠንካራ ካርቶን። ባዶ ፌስታል ስታቲክ ስለሚያመጣ አይሆንም። ጣርማበርን ወርዶ ሐረጎን እየዞረ የሚወጣ መኪና ውስጥ ዕቃ ይናጣል፣ ካርዱ ካርቶኑ ውስጥ መንቀሳቀስ የለበትም። ሙሉ ኮምፒውተር የምታስመጡ ከሆነም ካርዱ ተነቅሎ ለብቻው ይምጣ። ከባድ ካርድ እንደተሰካ ከተጓዘ ስሎቱን ይሰብራል።

ደረጃ 9፦ ግጠሙና ሞክሩ

ካርዱን ከመሰካታችሁ በፊት የአሮጌውን ካርድ ድራይቨር አጥፉ። አዲሱን ድራይቨር ቀድማችሁ ፍላሽ ላይ አውርዱ፣ የኢንቪዲያው ከግማሽ ጊጋባይት በላይ ስለሆነ በደካማ ኔትወርክ ያስመርራል።

ኃይሉን ንቀሉ፣ ብረት ንኩ፣ ካርዱን ስሎቱ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ "ቀጭ" እስኪል ተጫኑ። ካልሄደ በጉልበት አትግፉ፣ ብዙ ጊዜ የጀርባው ብረት ኬዙ ላይ ተደግፎ ነው። በብሎን እሰሩት፣ የኃይል ገመድ ካለው ሰኩ። የሞኒተሩን ገመድ ካርዱ ላይ ሰኩ።

ከበራ በኋላ ጂፒዩ-ዚን ክፈቱና "ባስ ኢንተርፌስ" የሚለውን እዩ። አጠገቡ ያለችውን የጥያቄ ምልክት ተጭናችሁ ሙከራውን አስጀምሩ፣ ምክንያቱም ካርዱ ሥራ ሲፈታ ፍጥነቱን ዝቅ ያደርጋል፣ ያላወቀ ሰው ይደነግጣል። ለበ16 ካርድ በ16 ካለ ጨርሳችኋል። እንዲህ ያለው ካርድ በ4 ካለ ስሎት ተሳስታችኋል ወይም በደንብ አልገባም።

ዩፒኤስ ላይ ስትሰኩ የሚችለውን ዋት እዩ። ትንሽ የቢሮ ዩፒኤስ ካርድ ላለው ማሽን ሊያንሰው ይችላል፣ መብራት ሲሄድ አብሮ ይጠፋል። መብራት ሄዶ ሲመለስ ደግሞ ቮልቴጁ እስኪረጋ ጥቂት ደቂቃ ሳትሰኩ ቆዩ።

ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳታቸው

- የሞኒተሩን ገመድ ማዘርቦርዱ ላይ ትቶ "ካርዱ አይሠራም" ማለት። በዚህ ምክንያት ከሐይቅ ደሴ ድረስ ኮምፒውተር ተሸክሞ የመጣ ልጅ አለ። ገመዱን አንድ ቀዳዳ ዝቅ አድርጌ ሰካሁለት። ሻይ ጋበዘኝ።
- በጊጋባይት ብቻ መምረጥ። ባለ 4 ጊጋባይት ደካማ ካርድ ባለ 2 ጊጋባይት ጠንካራ ካርድን አይበልጥም።
- ለ2ኛ ትውልድ አይ3 ማሽን 1660 ሱፐር መግዛት። ይገጥማል፣ ግን ፕሮሰሰሩ አይከተለውም። ብሩን ከፍሎ ግማሹን ካርድ መጠቀም ነው።
- ራሙ 4 ጊጋባይት ሆኖ ካርድ መፈለግ። መጀመሪያ 8 አድርጉት፣ በራም ብቻ ችግሩ የሚፈታ ብዙ ነው።
- የተገጠመለት ማሽን ሦስት ጊዜ ጮኾ ሲቀር ደንግጦ ካርዱን መመለስ። መጀመሪያ ካርዱን ንቀሉና ጥርሱን በደረቅ ንጹሕ የእርሳስ ላጲስ ቀስ ብላችሁ ጠርጋችሁ፣ ፍርፋሪውን በብሩሽ አራግፋችሁ መልሳችሁ ሰኩ። ራሙንም እንዲሁ። አሁንም ከጮኸ ካርዱን ሌላ ማሽን ላይ ሞክሩት፣ ከዚያ ለሻጩ ደውሉ።